ጀሶው ከየት መጣ?

ሃሪ ስቲቨን ቶምፕሰን በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር፣ ሰፊ እርሻ የነበረው ባለመሬት ነው። ከፍግ ክምሩ አጠገብ በቆመ ቁጥር አንድ ነገር ይቆጨው ነበር። ዓይን የሚያስለቅሰው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ያ ሽታ አሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ስንዴው የሚጠብቀውን ናይትሮጅን የያዘ ነው። በበረቱ ዙሪያ የሸተተ ሁሉ ከማሳው ጎደለ ማለት ነው። ቶምፕሰን የሂሳብ ሰው ነበር፤ ኋላም የአንድ ትልቅ የባቡር ኩባንያ ሊቀ መንበር ሆኗል። ኪሳራ ዓይኑ እያየ ሲተን ዝም ማለት አልሆነለትም።

አሞኒያን በሰልፈሪክ አሲድ አስሮ ወደ ጨው መለወጥ እንደሚቻል ያን ጊዜም ይታወቃል። ጨው ሲሆን አሞኒየም ሰልፌት ይባላል፤ አይሸትም፣ አይተንም። ችግሩ እንደ ገበታ ጨው በውሃ መሟሟቱ ነው። ማሳ ላይ ተበትኖ የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ወደ ወንዝ ካወረደው፣ ከአየር ያተረፉትን ለውሃ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቶምፕሰን ይህን ለማወቅ ጆሴፍ ስፔንስ የሚባል የዮርክ ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሄደ።

ስፔንስ ያደረገውን ዛሬ የትኛውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊደግመው ይችላል። የማሳ አፈር ከአሞኒየም ሰልፌት ጋር ደባለቀ፤ መስታወት ቱቦ ውስጥ ሞላው፤ ከላይ ውሃ እያፈሰሰ ከታች የሚንጠባጠበውን አጠራቀመ። ከዚያ ያጠራቀመውን ውሃ አትንኖ ከሥሩ የቀረውን መረመረ። የጠበቀው አሞኒየም ሰልፌት ነበር። ያገኘው ግን በአብዛኛው ጀሶ ሆነ።

ያው ግድግዳ የሚለሰንበት፣ የተሰበረ እጅ የሚታሸግበት ጀሶ፤ በኬሚስቶች አጠራር ካልሲየም ሰልፌት። ወደ ቱቦው ጀሶ የጨመረ ሰው አልነበረም። ሰልፌቱ ከላይ የገባው ራሱ ነው፤ እሱ ግልጽ ነው። አሞኒያው አፈሩ ውስጥ ቀርቷል። ታዲያ በአሞኒያው ቦታ ሰልፌቱን ይዞ የወጣው ካልሲየም ከየት መጣ? ከአፈሩ ካልሆነ ከየት ይመጣል!

አፈር ፈሳሽን እንደሚያጠራ ለማንም አዲስ አልነበረም። የባሕር ውሃን በአፈር አሳልፎ ስለማጣፈጥ ፍራንሲስ ቤከን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል። ጋዜሪ የሚባል ጣሊያናዊ በ1819፣ ብሮነር የሚባል ጀርመናዊ ደግሞ በ1836፣ የፍግ ፈሳሽ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ቀለሙን እንደሚጥል አይተዋል። እዚያው እንግሊዝም በዶርሴት አውራጃ ሃክስቴብል የሚባሉ ቄስ ከበረታቸው የሚወርደውን ፈሳሽ በአፈር መደብ ላይ አሳልፈው ሽታው ጠፍቶ፣ ጠርቶ ሲወጣ አይተው ነበር። ሁሉም የደረሱበት ድምዳሜ አንድ ነው፤ አፈር ያጠላል። ወንፊት ግን የያዘውን ይይዛል እንጂ በምላሹ የሚሰጠው ነገር የለም። የስፔንስ ቱቦ ሰጥቷል። በኔ ግምት ግኝቱ ያለው እዚህች ላይ ነው፤ ከመያዙ ይልቅ በመስጠቱ።

የሚገርመው፣ በዚያው በ1845 ይኸው የዝናብ ስጋት ሊቨርፑል ላይ አንድ ትልቅ ስም ገደል ሊከት ተዘጋጅቶ ነበር። ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በእርሻ ኬሚስትሪ ነገር ቃሉ እንደ ሕግ የሚቆጠር ሰው ነው። ተክል ከአፈር ማዕድን ይወስዳል፣ የተወሰደው ካልተተካ መሬቱ ይደኸያል የሚለውን ትምህርት በዓለም ያሰራጨ እሱ ነው። ይህን እውቀት ወደ ገበያ ለማውጣት ከሊቨርፑሎቹ የሙስፕራት ፋብሪካዎች ጋር ተስማምቶ በራሱ ስም ማዳበሪያ ማምረት ተጀመረ። ሊቢግም እንደ ቶምፕሰን ዝናቡን ፈራ። ፖታሲየሙ ታጥቦ እንዳይሄድ ብሎ ከኖራ ወገን ማዕድን ጋር አቅልጦ አጋገረው፤ ውሃ በቀላሉ የማይደፍረው ብርጭቆ መሰል ነገር አደረገው። ናይትሮጅኑን ደግሞ ዝናብና አየር ይበቃዋል ብሎ ተወው።

ማዳበሪያው ማሳ ላይ እንደተበተነ ቁጭ አለ። ዝናቡ አልወሰደውም፤ ሰብሉም አልወሰደው። የገዙት ገበሬዎች ገንዘባቸውን አጡ፤ ሊቢግ ከክብሩ ላይ ብዙ ተቀነሰበት። የፈራው አደጋ ደግሞ ከመነሻው አልነበረም። ያ ሁሉ ድካም የወጣበት ፖታሲየም በሟሚ ጨውነቱ ቢበተን ኖሮ አፈሩ ይዞ ያቆይለት ነበር። ይህን የሚመሰክር ቱቦ ዮርክ ውስጥ ቆሞ ሳለ ቶምፕሰን ውጤቱን አሳትሞ ያወጣው ገና በ1850 ነው።

ከማሳተሙ በፊት ግን በ1848 ነገሩን ለጆን ቶማስ ዌይ አጫውቶታል። ዌይ የንጉሣዊው የእርሻ ማኅበር አማካሪ ኬሚስት ነበር። የአንድ ቱቦ ጨዋታ የሚመስለውን ነገር ይዞ ሳይለቅ ከሁለት ዓመት በላይ ሠራበት፤ በ1850 እና በ1852 በማኅበሩ መጽሔት ላይ ባወጣቸው ጽሑፎችም የአፈር ኬሚስትሪን መሠረት ጣለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያደረገው እየቀያየሩ መጠየቅ ነው። አሞኒያውን በፖታሲየም፣ በሶዲየም፣ በማግኒዚየም ተካ። ሰልፌቱን በክሎራይድ፣ በናይትሬት ተካ። መልሱ በየጊዜው ያው ሆነ፤ የጨው አንደኛው ወገን ይያዛል፣ ሌላኛው ወገን ካልሲየም እየመራው ሾልኮ ይወጣል። አሸዋ ይህን አያደርግም፤ የሚያደርገው ሸክላ አፈር ነው። ጊዜም አይፈጅም፤ ፈሳሹ ሸክላውን እንደነካ ልውውጡ ያልቃል። ከሁሉ በላይ ሂሳቡ ይገጥማል። የተያዘውና የተለቀቀው ሲመዘኑ በኬሚካዊ ልካቸው እኩል ይወጣሉ። ወንፊት እንዲህ ያለ ሂሳብ አያውቅም፤ ይህ የገበያ ነገር ነው። ሸክላው በእሳት ሲቃጠል ደግሞ ችሎታው ይደክማል።

ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ሳስብ የሰሜን ሸዋ ደጋ ትዝ ይለኛል። እዚያ ገበሬው ለገብስ ብሎ አፈሩን እየከመረ የሚያቃጥልበት የቆየ ልማድ አለ። እሳቱ ታስሮ የነበረውን ፎስፈረስና ናይትሮጅን ስለሚፈታ የመጀመሪያው ዓመት ምርት ያጠግባል። ከዚያ ምርቱ እየወረደ ይመጣና መሬቱ ለብዙ ዓመት ጦም ያድራል። የተቃጠለው ሸክላና ከሱ ጋር የነደደው ብስባሽ የመያዝ አቅማቸው ከድቷቸዋል።

ዌይ አንድ ነገር ግን ስቷል። ልውውጡ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ሸክላ አንዴ የያዘውን አይለቅም ብሎ ነበር። ሊቢግ በበኩሉ የዌይን ኬሚካዊ ማብራሪያ አልተቀበለም። ከሰል ቀለምን በላዩ ላይ እንደሚስብ አፈርም እንዲሁ በገጹ ላይ ይስባል እንጂ የኬሚካል ልውውጥ አይደለም አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይዘዋል። ነገሩ በእርግጥ የሚካሄደው በገጽ ላይ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። ሊቢግ ያም ሆኖ አፈር ፖታሲየምን እንደሚይዝ በራሱ ሙከራ ካየ በኋላ በ1862 ባወጣው የመጽሐፉ እትም ላይ የማይሟሟው ማዳበሪያ ስህተት እንደነበረ ጻፈ። የጻፈውም በንስሐ ቋንቋ ነው፤ የፈጣሪን ሥራ ላሻሽል ብዬ በጥበቡ ላይ በድያለሁ የሚል መንፈስ አለው። ከሱ ደረጃ የደረሰ ሰው እንዲህ ሲናገር ብዙ ጊዜ አይሰማም።

የዌይን ስህተት ያረመው ሌላ ጀርመናዊ ነው። አይክሆርን በ1858 አፈርን ተወት አድርጎ ዚዮላይት የሚባሉትን ማዕድናት አነሳ። ቻባዛይት የሚባለውን ዱቄት አድርጎ በገበታ ጨው ውሃ ውስጥ ቢያኖረው ካልሲየሙን ሰጠና ሶዲየሙን ወሰደ። መልሶ በካልሲየም ውሃ ቢነክረው ሶዲየሙን መለሰ። በሩ ለካ በሁለቱም በኩል ይከፈታል፤ ከውጭ የበዛው ከውስጥ ያለውን ገፍቶ ያስወጣል።

ነገሩ ወደ ፋብሪካ ለመግባት ከዚህ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ያስገደደው የእንፋሎት ቦይለር ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ «ጠንካራ» ይባላል። ሲፈላ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ድሬዳዋ የኖረ ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከውስጥ ተመልክቶ ያውቀዋል። ሳሙናም ከካልሲየሙ ጋር እየተጣበቀ ዝቃጭ ይሆናል እንጂ አረፋ አልሰጥ ይላል። ቦይለር ውስጥ ቅርፊቱ ሙቀት ስለማያሳልፍ ከሰል ይበላል፤ ሲብስም ብረቱን አግሎ ያፈነዳል።

በበርሊን የፕሩሲያ ጂኦሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሮበርት ጋንስ በ1905 ገደማ መላ አመጣ። ካኦሊን፣ ኳርትዝና ሶዳ አቅልጦ፣ ፈጭቶና አጥቦ ሰው ሠራሽ ዚዮላይት ሠራ። «ፐርሙቲት» ተባለ፤ በላቲን መለዋወጥ ከሚለው ቃል ነው። ጠንካራው ውሃ በዚህ ጠጠር መሰል ነገር ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየሙን ይጥላል፣ ሶዲየም ይዞ ይወጣል። ጠጠሩ በካልሲየም ሲሞላ የሚጣል አይደለም። የበረታ የገበታ ጨው ውሃ ይፈስበታል፤ የሶዲየሙ ብዛት ካልሲየሙን ገፍቶ ያስወጣና ሥራው እንደገና ይጀመራል። አይክሆርን በአንድ ብርጭቆ ያየውን ጋንስ በበርሜል አደረገው።

ሂሳቡ እዚህም አይዘነጋም። አንድ ካልሲየም ሁለት ድርሻ ስላለው የሚለወጠው በሁለት ሶዲየም ነው። በሊትር 120 ሚሊግራም ካልሲየም ያለው ውሃ፣ ሁሉም ቢወጣለት፣ 138 ሚሊግራም ሶዲየም ይገባበታል። ለልብስ ማጠቢያና ለቦይለር ግድ የለም። ደም ግፊት ኖሮበት ጨው የተከለከለ ሰው ግን የሚጠጣው ውሃ በየትኛው ቧንቧ እንደሚመጣ መጠየቅ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሸክላ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መልሱ የመጣው በ1930 አካባቢ፣ ኤክስሬይ የሸክላን ውስጥ ሲገልጥ ነው። ሸክላ ዱቄት ይመስላል እንጂ የተደራረበ ስስ ቅጠል ነው፤ የሲሊከንና የአሉሚኒየም ንጣፎች። ቅጠሉ በተፈጥሮ ሲሠራ በአንዳንድ የሲሊከን ቦታ አሉሚኒየም፣ በአንዳንድ የአሉሚኒየም ቦታ ማግኒዚየም ይገባል። ቦታው ላይ ልክ ይሆናሉ፤ የሚይዙት ፖዘቲቭ ቻርጅ ግን በአንድ ያንሳል። ጉድለቱ ቅጠሉን ለዘለዓለም ኔጌቲቭ ያደርገዋል። እንግዲህ በውሃው ውስጥ ያሉ ፖዘቲቭ አዮኖች፣ ካታዮን የሚባሉት፣ ጉድለቱን ሊሞሉ በቅጠሉ ዙሪያ ይሰፍራሉ። ተጣብቀው አይቀሩም፤ ሌላ ሲመጣ ቦታ ይለቃሉ። አያያዙም እኩል አይደለም። ሶዲየም ልል ነው፤ ፖታሲየምና አሞኒየም ይሻላሉ፤ ማግኒዚየምና ካልሲየም ይጠብቃሉ፤ አሉሚኒየም ከሁሉም ይብሳል። ናይትሬት ግን ራሱ ኔጌቲቭ ነውና ሸክላው ዞር በል ይለዋል። ዌይም በ1856 ከእርሻ ቦይ የሚወርደውን ውሃ ሲመረምር ናይትሬት በብዛት፣ አሞኒያና ፖታሲየም ግን እዚህ ግባ የማይባል ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የበቾን ሜዳ መረሬ የረገጠ ይህን በእግሩ ያውቀዋል። በክረምት ማረሻ ላይ ተለጥፎ በሬ የሚያደክመው፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር ቅጠሎቹ ውሃ ሲገባባቸው የሚያብጡ፣ ሲወጣባቸው የሚኮማተሩ ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ሸክላ አንድ ግራሙ ገጹ ቢዘረጋ 700 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ከአንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይበልጣል። በጎጃምና በወለጋ ያለው ቀይ አፈር ሌላ ነው። ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት ካልሲየሙን እያጠበ ቦታውን አሉሚኒየም ይዞታል፤ የሰብሉን ሥር የሚያቀጭጨውም እሱ ነው። ገበሬው ኖራ ሲበትን አሲዱ ይበርዳል፣ አሉሚኒየሙም ቦታውን ለካልሲየም ይለቃል።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ። አዳምስና ሆልምስ የሚባሉ ሁለት ኬሚስቶች በቴዲንግተን የመንግሥት ቤተ ሙከራ ውስጥ በ1935 ከፕላስቲክ ወገን ከሆነ ሬዚን አዮን የሚለዋውጥ ነገር መሥራት እንደሚቻል አሳተሙ። መነሻቸው የተሰበረ የዘፈን ሸክላ ነበር ይባላል፤ ሰባብረው ፈጭተው ቢሞክሩት ካታዮን ለወጠ። በአማርኛ የሙዚቃውንም የአፈሩንም «ሸክላ» ማለታችን አጋጣሚ ነው፤ ለዚህ ታሪክ ግን በልኩ የተሰፋ ልብስ ነው። ከዚያ አሜሪካዊው ጋኤታኖ ዳሌሊዮ በ1944 የፓተንት መብት ያገኘበት የፖሊስታይሪን ሬዚን መጣ። ዛሬ በውሃ ማለስለሻ ውስጥ ያለው የዚሁ ዘር ነው። በእጅ መዳፍ ላይ ቢያደርጉት እንደ ቀይ ጤፍ ትናንሽና ክብ ነው፤ በሬዚኑ ሰውነት ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቡድኖች ተተክለውበታል።

የአቶም ቦምብ ሠሪዎች ይህን ጤፍ ወደዱት። በባሕርያቸው መንትያ የሚመስሉ ንጥረ ነገሮች በሬዚን ቱቦ ውስጥ ሲያልፉ አንዱ ትንሽ ቀድሞ፣ አንዱ ትንሽ ዘግይቶ ይወጣል። ፕሮሜቲየም በ1945 የተለየው በዚህ መንገድ ነው። በ1955 በርክሌይ ላይ 101ኛው ንጥረ ነገር፣ ሜንዴሌቪየም፣ ሲገኝ የተገኙት አቶሞች በጠቅላላው 17 ነበሩ። እነሱም የታወቁት ከሬዚኑ ቱቦ በሚወጡበት ተራ ነው።

ከቤተ ሙከራ ወደ ማሳ እንመለስ። በ1953፣ በጥር መጨረሻ፣ በሌሊት ማዕበል የሆላንድን ግድብ ሰብሮ ገባ። 1,836 ሰው ሞተ፤ ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ መሬት በባሕር ውሃ ተዋጠ። ውሃው ተመጥጦ ከወጣ በኋላ ያለው ጣጣ የሸክላው ነበር። ኮንስታንቲን ጌድሮይትስ የተባለ ሩሲያዊ ከዓመታት በፊት እንዳስተማረው፣ ሶዲየም የሸክላውን ቦታ ሲይዝ ቅጠሎቹ እርስ በርስ መያያዛቸውን ትተው ይበታተናሉ። ጨው እስካለ ድረስ እንኳ ደህና ነው። ዝናብ ጨውን አጥቦ ሲያወጣው ነው አፈሩ ወደ ልጥልጥ የሚለወጠው፤ ሲደርቅም ድንጋይ ይሆናል። ገበሬ ዝናቡ ጨውን አጠበልኝ ብሎ ደስ ሲለው መሬቱ ከእጁ ያመልጣል ማለት ነው። ሆላንዶች መድኃኒቱን ያውቁ ስለነበር በየማሳው ጀሶ በተኑ። የጀሶው ካልሲየም ገብቶ ሶዲየሙን አስወጣ፤ ሰልፌቱ ሶዲየሙን ይዞ በቦይ ወረደ። ስፔንስ ከቱቦው ሥር ያጠራቀመው ጀሶ አሁን ከላይ የሚፈስ ሆነ።

ጎርፉ በሆነ በዓመቱ፣ በ1954፣ ሆላንዳዊው ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በአዋሽ ዳር የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ለሠራተኛው መንደር ጉድጓድ ተቆፈረ። ወንጂ ያለበት ስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ነው፤ አመዱ ሲበሰብስ ከመሬት በታች ሸክላ ይሆናል። ውሃው በዚያ ሸክላ ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲንፏቀቅ ካልሲየሙን እየሰጠ ሶዲየም ይቀበላል፤ የቀረው ካልሲየምም እንደ ኖራ ድንጋይ እየጋገረ ይቀራል። ጋንስ በበርሜል ያደረገውን ሸለቆው በራሱ ያደርገዋል።

ካልሲየም ያለበት ውሃ ፍሎራይድን እንደልብ አያበዛም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ፍሎራይት የሚባል ድንጋይ ሆነው ይዘቅጣሉ። ካልሲየሙ ሲወጣ ግን ከአመዱ የሚሟሟውን ፍሎራይድ የሚገታው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የወንጂ አካባቢ ጉድጓዶች ይህን በብዙ እጥፍ አልፈው ተገኙ። እዚያ የተወለዱ ልጆች ጥርሳቸው እየወየበ ወጣ። ለዓመታት የጠጡ የሸንኮራ ሠራተኞችም በ1970ዎቹ ጀርባቸው ደርቆ፣ አንገታቸው አልዞር ብሎ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ።

ውሃውን ዓይቶ ክፉ ነው የሚል አልነበረም። ሳሙና ሲነካው አረፋ ነው፤ ድስት ላይም ነጭ ቅርፊት አይተውም። ቅርፊት የሚሆነው ካልሲየም ከመሬት በታች ሸክላው ዘንድ ቀርቷል።